ከባዱ ሌንስ

«እሷ? እሷማ ካሜራ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አታውቅም!» አሉ የሚጡ አጎት በስልክ፤ አሉና ከት ብለው ሳቁ። የስልኩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ስለነበር ከወዲያ ያለው የሬዲዮ ጋዜጠኛም አብሯቸው ሲስቅ ሳሎኑን ሞላው። የተቀለደባት ሚስታቸው ሌላ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። እዚያው፣ እጃቸውን ቢዘረጉ የሚደርሱባት ቦታ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የካሜራ ሌንስ ትወለውል ነበር። እጇ አልቆመም። ጨርቁን አገላበጠች፣ በጎማ መንፊያዋ አቧራውን ቡን አደረገችና መወልወሏን ቀጠለች። እንደ ቤተኛ በጓሮ በር ገብታ የሳሎኑ ደፍ ላይ የደረሰችው ሚጡ «እንዴት አደራችሁ» ልትል የነበረው አፏ ላይ ቀረ። ቀልድ መሆኑ አልጠፋትም፤ አጎቷ ሲቀልዱ ኖረዋል። ግን እንዲህ ያለው ቀልድ የሚቀለድበት ሰው በሌለበት ነው የሚወራው። የሴትዮዋን ፊት አየች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችምም። የሩቅ አገር የአየር ጠባይ ዜና እንደሚሰማ ሰው ነበር የምትመስለው። ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቀችና ሌንሱን ቦርሳው ውስጥ አጋድማ፣ ዚፑን ዘግታ፣ «መጣሽ ሚጡ? ቁርስ በልተሻል?» አለች።

ሚጡ ሠላሳን ብታልፍም ለዘመድ ሁሉ አሁንም ሚጡ ናት። አንድ ጋዜጣ ላይ የፎቶ ክፍሉን ትመራለች፤ ወደዚያ ሥራ የጎተታት ደግሞ የእኚህ አጎቷ ነገር ነው። ልጅ ሆና እሳቸው ያነሷቸውን አንበሶች፣ ጉማሬዎችና አሞሮች ወለል ላይ ዘርግታ ስታይ ነው ያደገችው። ባለሙያዎቹ «ዓይናማው» ይሏቸዋል። የዱር አራዊት ፎቶ ከተባለ ከሳቸው በላይ ስሙ የሚጠራ የለም፤ በየቢሮው ግድግዳ፣ በየቀን መቁጠሪያው ላይ ያለው የሳቸው ሥራ ነው። አሁን ደግሞ አንድ አሳታሚ ትልቅ የዱር አራዊት መጽሐፍ ሊያወጣላቸው ተስማምቷል። ወደ ጫካ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ግን የድሮው ሌንሳቸው አሸዋ ገብቶበት ማቅረቢያ ቀለበቱ እየነከሰ አስቸገረ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ሌንስ ሊመረጥ ነው። ሚጡ ፈቃድ ጠይቃ የመጣችው ልትነዳላቸው ነው፤ አጎቷ «ሽማግሌና መሪ አይስማሙም» ብለው መኪና መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል።

መንገድ ላይ አጎቷ ከፊት ተቀምጠው፣ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ ስለ መጽሐፉ ሽፋን ሲያወሩ ሄዱ። ሚስታቸው ከኋላ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋ ታወራለች፤ ወሬዋ ግን እንደ ልማዷ ስለምታየው ነገር ብቻ ነበር። «መብራቱ ያዘን። ያ የጫማ ፋብሪካ ፈርሶ አጥር ሆኗል። እንዴ፣ ሰውዬው ሦስት ፍራሽ በአንድ ብስክሌት ጭኗል! አሁን ሊወድቅበት ነው… የለም፣ አለፈ።» አጎቷ «እህ» እያሉ ይሰማሉ። ሚጡ መኪና ውስጥ ዝም ማለት የማትችል ሴት አድርጋ ነበር የምታያት፤ ዛሬም ከዚያ የበለጠ ልብ አላለችም። የጠዋቱን ቀልድ ግን አልረሳችውም። በመስታወቱ ሰረቅ አድርጋ አየቻት። እጇን፣ የቀኝ እጇን አንጓ፣ በግራዋ ይዛ ታሸዋለች።

የካሜራው ሱቅ ያለው አንድ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ደረጃውን ሲወጡ ሚስትየው ክርኗን ለባሏ ሰጥታ ከጎናቸው ወጣች፤ ሚጡ ከኋላ ሆና ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ አይታ ደስ አላት። በሩ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ባለሱቁ ራሱ እየሮጠ መጥቶ ከፈተላቸው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት፣ ቀጭን፣ ደግ ሰውዬ ነው። «ዓይናማው ቤቴ ገቡ!» ብሎ ጎንበስ አለ። ውስጥ ሌንስ ሲመለከቱ የነበሩ ሁለት ወጣት ደንበኞች ዞር ብለው ሲያዩ ማን እንደመጣ ገባቸውና መንገድ ለቀቁ። ከመደርደሪያው በላይ ግድግዳውን የሞላ ፎቶ አለ፦ አቦሸማኔ በአየር ላይ፣ አራቱም እግሮቹ ከሆዱ ሥር ተሰብስበው፣ ከኋላው አቧራው ገና ሳይበተን። ከሥሩ የአጎቷ ስም ተጽፏል። ያን ፎቶ በጋዜጣዋ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያወጣችው ሚጡ ራሷ ነች። «የዓይናማው ዓይን አሁንም አልደከመም» የሚለውን ርዕስም የሰጠችው እሷው ናት።

ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አነጠፈና ሦስት ሌንሶች እንደ ሕፃን አስተኛበት። አንዱ አጠር ያለ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ከመቶ እስከ አራት መቶ ሚሊ ሜትር የሚያቀርብ ነው። ሁለተኛው ረዘም ይላል፤ እስከ ስድስት መቶ ይደርሳል፣ ሲያቀርብም ሆነ ሲያርቅ ቁመቱ አይለወጥም። ሦስተኛው ነጭ፣ እንደ መድፍ የሚያስፈራ ነው። «ለዚህኛው ዋጋ መኪና ይገዛል» አለ ባለሱቁ፤ «ያውም ጎማው ያላለቀ።» ሁሉም ሳቁ። አጎቷ ግን ወጣቶቹ እየሰሟቸው መሆኑን ስላወቁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ማስተማር ጀመሩ። «ሌንስ ስትመርጥ ርቀቱን ብቻ አትይ» አሉ። «አውሬ የሚወጣው ሲነጋና ሲመሽ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ። ብርሃን የሚያስገባበት አፉ ጠባብ የሆነ ሌንስ ያን ጊዜ ጉድ ይሠራሃል። ሁለተኛ፣ ዒላማውን ቶሎ የሚይዝ ይሁን። ሚዳቋ ዘወር በል አትባልም፤ ፈረሰኛም ኳስ ተጫዋችም ያው ነው። ሌንስህ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ነገሩ አልፏል። የሚያቀርብ የሚያርቅ ዙም ደግሞ ለምን? አውሬው ራሱ ወደ አንተ ሊመጣ ይችላላ! ዝሆን ሲመጣብህ ሌንስ ልቀይር አትልም።» ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሚጡም ኮራች። የጠዋቱን ረሳችላቸው ማለት ይቻላል፤ እንዲህ የሚናገር ሰው ትንሽ ቢያጠፋስ ብላ።

ባለሱቁ ነጩን ሌንስ ካሜራ ላይ ገጠመና በሁለት እጁ አቀበላቸው። አጎቷ ተቀበሉት። ክብደቱን ሲመዝኑት፣ ቀለበቱን በጣታቸው ሲያዞሩት፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሲያደምጡት ላየ ሰው ከዕቃው ጋር የሚነጋገሩ ይመስላል። መነጽራቸውን አወለቁ። በሰፊው መስኮት በኩል ብርሃኑ ወደሚመጣበት ዞሩና ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ደቀኑ። «አቤት!» አሉ። «አቤት ጥራት! ያውና፣ ከማዶ ጣሪያው ላይ ያሉት እርግቦች ላባቸው ተራ በተራ ይቆጠራል። ምን ዓይነት መስታወት ነው እባካችሁ!»

የሌንሱ ክዳን አልተነሳም ነበር።

ጥቁሩ ክዳን ጥርቅም ብሎ እንደተዘጋ ነው። ሚጡ አየችው፤ አይታም አላመነችም፤ ተመልሳ አየችው። አንደኛው ወጣት ፍርፍር ብሎ ሳቀና «ሰውዬው ቀልድ ያውቃሉ!» አለ። ባለሱቁም ተከትሎ ሳቀ፤ ቀልድ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አጎቷ ለምን እንደተሳቀ አልገባቸውም። ሚጡ ያልገባቸው መሆኑን ያወቀችው ፊታቸውን አይታ ነው፤ ፈገግታቸው ዘግይቶ መጣ፣ ወደማንም ሳይሆን ወደ ድምፁ ዞረ፣ አፋቸው እየሳቀ ዓይናቸው እንደ ተዘጋ ቤት ባዶውን ቆመ። የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘች። መኪና ውስጥ የሚወራው የመብራቱና የፍራሹ ወሬ፣ ደረጃው ላይ የተያያዙት ክንዶች፣ ቡና ሲቀርብላቸው ስኒው ሁልጊዜ እጃቸው ላይ የሚቀመጥላቸው ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ለስንት ጊዜ? ለስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሆነው?

ሚስትየው ተጠጋች፣ ካሜራውን ከባሏ እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደች፣ ክዳኑን ነቅላ ኪሷ ከተተች። «እስቲ ትሞክር፣ እሷም ትይልኝ» አሉ አጎቷ ለባለሱቁ፤ ውለታ እንደሚውል ሰው። ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ ሄደች። ግራ ክርኗን ጎኗ ላይ ተከለች፣ እግሯን ትንሽ ከፈተች፣ አንድ ጊዜ ተነፈሰች። ከማዶ ጣሪያ ላይ እርግቦቹ በአንድ ጊዜ ብር አሉ፤ ከየት እንደመጣ ያልታየ ጭልፊት መሐላቸው ገብቶ ነበር። ሌንሱ ወፉን ተከትሎ ዞረ፣ ከወፉ ጋር ወረደ፣ ከወፉ ጋር ቀና አለ፤ ካሜራው እንደ ስፌት መኪና ተንጣጣ። ሚጡ ካጠገቧ ቆማ ስክሪኑን አየች። ጭልፊቱ ክንፉን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ጥፍሩን ዘርግቶ፣ አንዲት ነጭ ላባ ከፊቱ ተንሳፋ። ያን አይነት ፎቶ ታውቀዋለች። አራዊቱን እንዲህ ከመሐል ሳይሆን ከዳር አድርጎ፣ የሚሮጥበትን ባዶ ቦታ ከፊቱ ትቶ የሚያነሳ አንድ ሰው ብቻ ነው ትል ነበር ሁሌ። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን አቦሸማኔ አየች። ከዚያ ሴትዮዋን አየች።

«ይኸኛው ነው!» አሉ አጎቷ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መታ አድርገው። «ነጩን እንወስዳለን። ለመጽሐፍ የሚሆን መሣሪያ እንዲህ ነው።»

ሴትዮዋ ካሜራውን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችና አንጓዋን ያዘች። «እሱን እኔ አልችለውም» አለች።

ጮክ ብላ አይደለም የተናገረችው። ሆኖም ሁሉም ሰማ። ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ወጣቶቹ ተያዩ። አጎቷ ለአንድ አፍታ ብቻ አፋቸው ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ወዲያው ደግሞ፣ ሚጡን ከክዳኑ ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ነበር፣ ያን ደስ የሚል ሳቃቸውን ለቀቁት። «ተሸካሚዬ እኮ ናት!» አሉ። «ቦርሳው ከበዳት ማለቷ ነው። አይዞሽ፣ ለዚህ ጉዞ ጉልበተኛ እንቀጥራለን!» ወጣቶቹ እፎይ ብለው ሳቁ። ባለሱቁም ሳቀ። ዓይን ያወጣ ውሸት እንዲህ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ዘይት ሲፈስ ሚጡ አይታ አታውቅም። ሴትዮዋ ከኪሷ የሌንሱን ክዳን አውጥታ በቦታው ገጠመች። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። መስታወቱን በር ከፍታ ወጣች።

አጎቷ በሩ ሲዘጋ ሰሙ። ቆሙ። ሚጡ ሄደው የሚከተሏት መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን ባሉበት፣ በወንበርና በመስታወት ሳጥን መሐል፣ ነጩን ሌንስ አንስተው እንደሚመረምር ሰው ያገላብጡ ጀመር። ግራ ክንዳቸው ከጎናቸው ትንሽ ተለይቶ ነበር፤ ክርን እየጠበቀ። ማንም አልመጣም። ሚጡ ልትይዛቸው አንድ እርምጃ ተራመደችና መለስ አለች። ዛሬ ጠዋት ያቺ ሴት ጨርቋን ስታገላብጥ እሷ ራሷ ዝም ብላ እንዳየቻት ትዝ አላት። «መጣሁ፣ ጋሼ» አለችና ወጣች።

ሴትዮዋ አንድ ፎቅ ወርዳ ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ አቧራ በጠገበች ትንሽ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ሚጡ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ምኑ አትበይኝ።»

ሴትዮዋ የሚወጣ የሚወርድ ሰው እንደሌለ አየች። «አቦሸማኔው የመጣ ጊዜ ነው» አለች። «ከዚያ በፊትም ሲያጠራጥረኝ ነበር፣ ሲደናቀፍ፣ ሻይ ከስኒው ውጭ ሲቀዳ። የዚያን ቀን ግን አውሬው ፊት ለፊታችን ነው፣ ድንጋይ ብወረውር አገኘዋለሁ። እሱ ካሜራውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ‹የታለ? የታለ?› ይለኛል። ድምፁ የሱ አይመስልም። አውሬው ሲነሳ ካሜራውን ከእጁ ነጥቄ ማንሻውን ተጫንኩት። ምን እንደያዝኩ እንኳ አላወቅኩም። በኋላ ፎቶውን ስነግረው፣ እግሩ እንዲህ፣ አቧራው እንዲህ እያልኩ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ነርቩን በልቶታል፣ አይመለስም አለ። ‹ለማንም እንዳትነግሪ› አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።»

«እና ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ? ጎሾቹ? የጉማሬዋ? የሽልማቱ?»

«አዎ።»

እነዚያ ፎቶዎች ሁሉ በሚጡ እጅ ያለፉ ናቸው። እያንዳንዱ ሥር የማን ስም እንደገባ ታውቃለች፤ ያስገባችው እሷ ናት። የሽልማቱ ቀን መድረክ ላይ አጎቷን በክንዳቸው ይዛ ያወጣቻቸው ይህችው ሴት ናት፤ ከዚያ ወርዳ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ካፖርታቸውን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ሚጡ ያን ጊዜ አጨብጭባ እጇ ቀልቶ ነበር።

«እንዴት ቻልሽው?» አለቻት።

«ተጎዳሁ ብልሽ እዋሻለሁ» አለች ሴትዮዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላ ስሄድ የሱን ጀርባ ነበር የማየው። ከዚያ አንድ ቀን ዝሆኗ ልጇን በኩምቢዋ ስትደግፍ በሌንስ አየሁ። እንዴት ልንገርሽ! ማንሳቱን በጣም ነው የምወደው፣ ሚጡ። የሱ ስም ባይኖር ደግሞ ማን ጫካ ይልከኛል? ስሙን ይውሰድ፣ ግድ የለኝም ነበር። ሰው ፊት ቀልዶ ቢያሳንሰኝም ግድ አልነበረኝም፣ ለመሸፋፈን ነዋ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተለየ?»

ሴትዮዋ አንጓዋን ማሸቷን ተወች። «እያመነው ነው» አለች።

«ምኑን?»

«እሱ እንዳነሳቸው። ባለፈው ቤት ቁጭ ብለን፣ ሰው የለም፣ እኔና እሱ ብቻ፣ አቦሸማኔውን እንዴት እንዳነሳው ይነግረኝ ጀመር። ለኔ እኮ ነው! ‹ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩት፣ ሊዘል መሆኑን ከጆሮው አወቅኩ› ይለኛል። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው አይቀልድም። ያለቀሰውን ረስቶታል። እኔን ረስቶኛል። ሌንሱን ለማን እንደሚገዛ እንኳ…»

አልጨረሰችውም። ከላይ ሕንፃውን የሚያናጋ ድምፅ መጣ፤ ድው ብሎ፣ ከዚያ ተሰንጥቆ የሚንኮሻኮሽ ነገር፣ ከዚያ የሰው ጩኸት። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ሚጡ እሷን በዚያ ፍጥነት ስትሮጥ አይታት አታውቅም።

የመስታወቱ በር ከመሐሉ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። አጎቷ ሊከተሏቸው ሲሉ ገጭተውት፣ ከውስጥ በኩል ወለሉ ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ከግንባራቸው ደም በቅንድባቸው ላይ እየወረደ ወደ ጆሯቸው ይሄዳል። ነጩ ሌንስ ደረታቸው ላይ፣ በሁለት እጃቸው ጥርቅም ተደርጎ ተይዟል፤ ሲወድቁ ራሳቸውን ሳይሆን እሱን ነው ያተረፉት። ባለሱቁ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ጌታዬ፣ በሩ ዝግ ነበር እኮ! ዝግ ነበር! እንዴት አላዩትም?» ይላል ደጋግሞ። አንደኛው ወጣት ከድንጋጤው ይሁን ከልማዱ ስልኩን አውጥቶ ደቅኗል። ሴትዮዋ በበሩ ክፍተት ገብታ በአጠገቡ ስታልፍ፣ ዞር ብላ ሳታየው፣ ስልኩን በመዳፏ ወደ ታች ገፋችው። ከዚያ ተንበረከከች፣ ከባንኮኒው ንጹሕ ጨርቅ ስባ ግንባራቸው ላይ ጫነች።

«ማነው?» አሉ አጎቷ።

«እኔ ነኝ።»

«የት ሄደሽ ነው?»

«እዚሁ ነበርኩ።»

አጎቷ ሌንሱን የባለሱቁ ድምፅ ወደመጣበት ዘረጉ፤ ዝንፍ ብሎ ከባለሱቁ ይልቅ ወደ ወንበሩ ሄደ። ባለሱቁ ዞሮ ተቀበላቸው። «አልተነካም» አሉት። «መርምረው፣ አልተነካም።» ባለሱቁ ሌንሱን ይዞ፣ እጃቸው ወደ ባዶው ወንበር እንደተዘረጋ ቀርቶ አየና፣ የፊቱ ቀለም ጠፋ። «ጌታዬ… ዓይንዎ…» አለ።

«አላይም» አሉ አጎቷ።

ቃሉ ትንሽ ነበር፤ ወደ ወለሉ ነው የተናገሩት። ሚጡ ሌላ ነገር እስኪጨምሩ ጠበቀች፤ ይቅርታ፣ እንባ፣ የሆነ ነገር። ሚስታቸው ጨርቁን አንስታ ቁስሉን አየች፣ እንደገና ጫነችው፣ ለመስፋት እንደማያደርስ ለራሷ አጉረመረመች። አጎቷ እጃቸውን አንስተው በጨርቁ ላይ እጇን ፈለጉ። አገኟት፤ ጣታቸው ወርዶ አንጓዋ ላይ ደረሰና እዚያ ቆመ። እብጠቱን የዳሰሱ መሰላት ለሚጡ።

«ይሄኛው ይቅር» አሉ በመጨረሻ። «የምትችለውን ስጣት።»

«ለማን?» አለ ባለሱቁ ግራ ተጋብቶ።

«ለሷ ነዋ!» አሉ አጎቷ፤ ሰውዬው የዘገየ ተማሪ ይመስል በቁጣ። «አንሺዋ እሷ አይደለች እንዴ?»

ባለሱቁ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን አቦሸማኔ አየ፣ ከሥሩ ያለውን ስም አየ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ የተንበረከከችውን ሴት አየ። የሳቀው ወጣት ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ አቀረቀረ። ሚጡ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ አላላትም። ልትጮህባቸውም፣ ልታቅፋቸውም ፈለገች፤ ከሁለቱ አንዱንም ሳታደርግ ወንበር ስባ አጎቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ሚጡ መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ ለማንም እንዴት እንደምታስረዳ አላወቀችም። ሴትዮዋ ከሱቁ አልወጣችም። የተሰነጠቀው በር እንዲለጠፍ ሠራተኛ እስኪመጣ፣ አጎቷ ጨርቁን ግንባራቸው ላይ ይዘው እስኪረጋጉ፣ እሷ ባንኮኒው ጋ ቆማ ሌንስ መረጠች። እንደ ሚስት፣ እንደ ተላከ ሰው አይደለም፤ ጫማ እንደሚለካ ሰው ነው። ቀለበቱ ወዴት እንደሚዞር ጠየቀች። ሙሉ ቀን በእጅ ሲያዝ አንጓ ላይ እንዴት እንደሚሆን ጠየቀች። አጭሩን አንስታ «ይሄ ደስ ይላል፣ ግን ወፎቹ ይርቁብኛል» አለች፤ መለሰችው። ሁለተኛውን ገጥማ መስኮቱ ጋ ቆየች፤ አወረደችው፣ አረፈች፣ ደግማ አነሳችው። ባለሱቁ ጥያቄዋን ሁሉ «እርስዎ» እያለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይስቅ መለሰ። አጎቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲሰሙ አንዴ «ሲመሻሽ ብርሃን ያንስሻል» አሉ። «አውቃለሁ» አለች፤ «ትንሽ ቀደም ብዬ አነሳለሁ።» ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። ሁለተኛውን ወሰደች።

ደረጃውን ሲወርዱ የሴትዮዋ ሁለት እጅ በሌንሱና በቦርሳው ተይዟል፤ አጎቷ ሚጡ ትከሻ ላይ ተደግፈው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር፤ መንገዱ ሞልቷል። የእግረኛው መንገድ ዳር ላይ ሲደርሱ ከቁልቁለቱ በላይ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ለልምምድ ብቅ አሉ፤ ጎንበስ ብለው፣ ጎማ ለጎማ ተነካክተው፣ ከአንድ አውቶቡስ ጎን ፉጨት እያሰሙ ይወርዳሉ። ሴትዮዋ ቆመች። ቦርሳውን እግሯ መሐል አስቀመጠች፣ ካሜራውን አወጣች፣ ክርኗን ጎኗ ላይ ተከለች።

አጎቷ ሚስታቸው መቆሟን አወቁና አንገታቸውን ወደ ፉጨቱ አዞሩ። «ምንድነው?» አሉ። «ምን መጣ? ምን አየሽ?»

«ቆይ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

እሳቸውም በሚጡ ትከሻ ላይ እጃቸውን እንዳደረጉ፣ መንገደኛው እየገፋቸው ሲያልፍ፣ ቆዩ።